ስካነሩ ያነባል፣ ያጠፋልም
«ኮድ የለውም» የሚለው አባባል ያገለገሉ መኪኖች ገበያ ውስጥ ስንት ብር ያወጣል?

አዲስ አበባ ውስጥ ያገለገለ መኪና ሲሸጥ በድርድሩ ዙሪያ የሚቆሙት ሰዎች ቁጥር ድሮም ትንሽ አልነበረም። ሻጭ አለ፤ ገዢ አለ፤ የሻጭ ደላላ፣ የገዢ ደላላ፣ አንዳንዴም ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ሦስተኛ ደላላ አለ፤ ገዢው ይዞት የሚመጣው መካኒክም አለ። አሁን በእነዚህ ላይ አንድ ተጨማሪ እንግዳ ገብቷል። ከመሪው ሥር ባለች ሶኬት ላይ የሚሰካ፣ መዳፍ የሚያህል የእጅ ስካነር ነው።

መካኒኩ ቀድሞ መኪና ሲያይ የዘይት መለኪያውን መዝዞ በጣቱ ያሻል፤ የዘይት መሙያውን ክዳን ከፍቶ ጭስ መኖር አለመኖሩን ይመለከታል፤ የማርሚታው አፍ ላይ እጁን ይዘረጋል፤ ጆሮውን ወደ ሞተሩ ያዘነብላል። ይህ ሙያ አልጠፋም፤ ሊጠፋም አይገባውም። ሆኖም ዛሬ ዛሬ ብዙ ድርድር የሚቋጨው ስካነሩ ተሰክቶ ስክሪኑ ላይ ምንም ብልሽት እንዳልተመዘገበ ከታየ በኋላ ነው። «ኮድ የለውም» የሚለው አባባልም «ያልተጋጨ»፣ «በአንድ እጅ የተያዘ» ከሚሉት የቆዩ የገበያ ቃላት ጎን ቦታ ይዟል።

ችግሩ ኮዱን የሚያነበው መሣሪያና ኮዱን የሚያጠፋው መሣሪያ አንድ መሆናቸው ነው። አንድ ቁልፍ መጫን ብቻ ይበቃል። ጠዋት በክሩስኮቶው ላይ ቢጫ የሞተር መብራት አብርታ የነበረች መኪና ከሰዓት በኋላ «ኮድ የሌላት» ሆና ገዢ ፊት ልትቀርብ ትችላለች። በመካከሉ የተለወጠ ካንዴላ የለም፤ የተጠገነ ነገር የለም።

ጉዳዩ ከመቼውም ጊዜ ይልቅ ዛሬ ክብደት የሚሰጠው በገበያው ሁኔታ ምክንያት ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያገለገሉ መኪኖች ላይ እንደ ዕድሜያቸውና እንደ ሞተራቸው መጠን እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር ከኤሌክትሪክ መኪኖች በስተቀር ሌሎች አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን ይፋ አደረገ። ውጤቱ ለነጋዴ ግልጽ ነው። አገር ውስጥ ያለው የቤንዚን መኪና እዚያው ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። አንድ ቪትዝ ወይም አንድ ኮሮላ በዞረ ቁጥር ሞተሩ ያረጃል፤ ዋጋው ግን እንደ ዕድሜው አይወርድም። ስለዚህ ገዢው የሚከፍለው ከፍተኛ ገንዘብ ነው፤ የሚገዛው ደግሞ በየዓመቱ ይበልጥ የሚያጠራጥር ሞተር ነው። በዚህ መሀል በትንሽ ዋጋ «እውነቱን የሚናገር» ዕቃ ሲመጣ ሁሉም ቢያምነው አይፈረድም።

ሶኬቷ ለማን ተሠራች?

ስካነሩ የሚሰካባት ባለ 16 ቀዳዳ ሶኬት ለመኪና ገዢ ታስባ የተሠራች አይደለችም። ለመካኒክም ቢሆን ሁለተኛ ሐሳብ ነው። የመነሻው ጉዳይ የካሊፎርኒያ አየር ነበር። ሎስ አንጀለስን ሲያፍን የኖረውን ጭስ ለመቀነስ የግዛቲቱ የአየር ሀብት ቦርድ እ.ኤ.አ. ከ1988 ሞዴል ጀምሮ መኪኖች የጭስ መቆጣጠሪያ ክፍሎቻቸውን ራሳቸው እንዲከታተሉ አስገደደ። ሁለተኛውና የተሻሻለው ደረጃ፣ ማለትም «ኦቢዲ ሁለት» የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. ከ1996 ሞዴል ጀምሮ በመላው አሜሪካ ለሚሸጡ አውቶሞቢሎች ግዴታ ሆነ። አውሮፓ በቤንዚን መኪኖች ላይ ተመሳሳዩን ግዴታ ያደረገችው እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ ነው።

ከዚያ በፊት እያንዳንዱ ፋብሪካ የራሱ ሶኬትና የራሱ ቋንቋ ነበረው። በ1990ዎቹ የተሠሩ ብዙ ቶዮታዎች ላይ መካኒኩ ሁለት ቀዳዳዎችን በቁራጭ ሽቦ አገናኝቶ የሞተር መብራቷ ስንት ጊዜ ብልጭ እንደምትል ይቆጥር ነበር። ስካነር አያስፈልግም፤ ትዕግሥት ግን ያስፈልጋል። ኢንጀክሽን ያልገባላቸው ባለካርቡሬተር አሮጌ ኮሮላዎችና ላዳዎች ደግሞ የሚነበብ ኮምፒውተር የላቸውም። እነርሱን በስካነር እመረምራለሁ የሚል ሰው ቢገኝ ገንዘብን መልሶ ኪስ መክተት ይሻላል።

ይህ ታሪክ ለአገራችን ገዢ አንድ ትርጉም አለው። ከአሜሪካ፣ ከአውሮፓ፣ ከጃፓንና ከባሕረ ሰላጤው አገሮች ገበያ የመጡ መኪኖች ሶኬታቸው ቢመሳሰልም ውስጣቸው አንድ አይደለም። ግዴታው በሌለበት አገር ገበያ የተሸጠች መኪና ሶኬቷ ቢኖራትም ሁሉንም ዓይነት ፍተሻ የምታደርግ ላትሆን ትችላለች።

ኮድ ፍርድ አይደለም

ኮዱ አንድ ፊደልና አራት ምልክቶች አሉት። «ፒ» ከሆነ ነገሩ ከሞተርና ከካምቢዮ ጋር የተያያዘ ነው፤ «ሲ» ከፍሬንና ከመሰል ክፍሎች፣ «ቢ» ከቦዲ፣ «ዩ» ደግሞ ኮምፒውተሮቹ እርስ በርስ ከሚነጋገሩበት መስመር ጋር። ከፊደሉ ቀጥሎ ዜሮ ከመጣ ኮዱ ለሁሉም ፋብሪካ የጋራ ነው፤ 1 ከመጣ ግን የፋብሪካው የግል ኮድ ነው፤ ርካሹ ስካነር በቅጡ ላይተረጉመው ይችላል።

ፒ0301ን እንውሰድ። የአንደኛው ሲሊንደር ቃጠሎ ተሰናክሏል ማለት ነው። ፒ0302 የሁለተኛው፣ ፒ0303 የሦስተኛው እያለ ይቀጥላል። ነገር ግን ኮዱ ያለው «ሲሊንደሩ ሰነፈ» ብቻ ነው። ካንዴላው ነው፣ ቦቢናው ነው፣ ኢንጀክተሩ ነው ወይስ ፋሻው አልቆ ሲሊንደሩ ግፊት አጥቷል? ይህን አይናገርም። ጥሩ መካኒክ እዚህ ላይ ምንም ሳይገዛ አንድ ነገር ያደርጋል፤ የአንደኛውን ቦቢና ወደ ሦስተኛው፣ የሦስተኛውን ወደ አንደኛው ያዛውራል፤ ኮዱን አጥፍቶ መኪናውን ይነዳል። ተመልሶ የመጣው ኮድ ፒ0303 ከሆነ ጥፋተኛው ቦቢናው ነው፤ ከቦታው ጋር አብሮ ሄዷል። አሁንም ፒ0301 ከሆነ ቦቢናው ነጻ ወጣ፤ ምርመራው ወደ ካንዴላውና ወደ ኢንጀክተሩ ይሻገራል። ሥራው ደቂቃዎች ነው የሚፈጀው። ሆኖም ይህን ሳያደርግ ባለንብረቱን ቀጥታ ወደ ሶማሌ ተራ ሙሉ ቦቢና እንዲገዛ የሚልክ ጋራዥ አይጠፋም።

የበለጠ ገንዘብ የሚያስበላው ግን ፒ0171 ነው። ትርጉሙ «ድብልቁ አየር በዝቶበታል፣ ቤንዚን አንሶታል» ነው። ይህን ለኮምፒውተሩ የሚነግረው ጭስ ማውጫው ላይ የተተከለው የኦክስጅን ሴንሰር ነው። ብዙዎች ታዲያ መጀመሪያ የሚቀይሩት ይኸንኑ ሴንሰር ነው፤ ትኩሳት አለህ ያለውን ቴርሞሜትር እንደመቀየር ማለት ነው። ምክንያቱ የተሰነጠቀ የአየር ቱቦ፣ የቆሸሸ የአየር መለኪያ፣ የደከመ የቤንዚን ፓምፕ ወይም የተዘጋ ፊልትሮ ሊሆን ይችላል። እነዚህን ለመለየት ደግሞ የኮዱን ዝርዝር ትቶ ስካነሩ ላይ ወደ ቀጥታ መረጃ መሄድ ያስፈልጋል። ኮምፒውተሩ ድብልቁን ለማስተካከል በመቶኛ ስንት ቤንዚን እየጨመረ ወይም እየቀነሰ እንደሆነ እዚያ ላይ ይታያል። የአጭር ጊዜውና የረጅም ጊዜው ማስተካከያ ሲደመሩ በዜሮ ዙሪያ ቢዋዥቁ ጤና ነው፤ ከ10 በመቶ በላይ ካለፉ ግን ነገር አለ። ሞተሩ ቆሞ ሲሠራ ጭማሪው ከፍተኛ ሆኖ በደቂቃ 2,500 ዙር ላይ ሲደርስ ወደ ዜሮ ከወረደ አየር የሚያስገባ ስንጥቅ ይጠረጠራል። በተቃራኒው ዳገት ላይ፣ ጭነት ላይ እየባሰ የሚሄድ ከሆነ ጥርጣሬው ወደ ፓምፑ፣ ወደ ፊልትሮውና ወደ አየር መለኪያው ይዞራል። አሥር ደቂቃ ቁጥር ማየት አንድ ሴንሰር ከመግዛት ያድናል።

ቁጥር ሲነበብ ከተማው ያለበት ከፍታ መዘንጋት የለበትም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ቁልፉ ተከፍቶ ሞተሩ ሳይነሳ የአየር ግፊት መለኪያው በባሕር ዳርቻ ከተሞች 101 ኪሎፓስካል አካባቢ ያሳያል፤ እዚህ ግን 76 ወይም 77 ላይ ይቆማል። ከውጭ አገር በመጣ ማስተማሪያ የሠለጠነ ሰው ይህን አይቶ ሴንሰሩ ሞቷል ሊል ይችላል። ሴንሰሩ ግን ደህና ነው፤ አየሩ ነው የሳሳው። ቱርቦ የሌለው ሞተር እዚህ ከተማ ዳገት ላይ የሚያቃስተውም በከፊል በዚሁ ምክንያት ነው።

ካጠፉ በኋላ የሚቀር ዱካ

ወደ ገበያው እንመለስ። ኮድ ሲጠፋ ኮዱ ብቻውን አይሄድም፤ ኮምፒውተሩ የሠራቸው የፍተሻ ውጤቶች ሁሉ አብረው ይሰረዛሉ። ገዢን የሚጠቅመውም ይኸው ነው።

መኪናው በሚነዳበት ጊዜ ኮምፒውተሩ ተራ በተራ ራሱን ይፈትናል፤ የጭስ ማጣሪያውን፣ የኦክስጅን ሴንሰሮቹን፣ የቤንዚን ትነት መያዣውንና ሌሎችንም። እያንዳንዱ ፈተና ሲያልቅ «ተጠናቋል» ብሎ ይመዘግባል። ስካነሮች ላይ ይህ ክፍል «አይኤም ሬዲነስ» በሚል ስም ይገኛል፤ ርካሾቹም ሳይቀሩ አብዛኞቹ ያሳዩታል። ኮድ የተሰረዘባት መኪና ግን ሁሉም ወይም አብዛኞቹ ፈተናዎቿ «አልተጠናቀቀም» ይላሉ። እነርሱን መልሶ ለማጠናቀቅ መኪናዋ በቀዝቃዛ ሞተር መነሳት፣ መሞቅ፣ በእኩል ፍጥነት ረዘም ላለ ጊዜ መነዳት፣ መቆም፣ እንደገና መነዳት አለባት። የቤንዚን ትነቱ ፈተና ታንኩ ጢም ካለ ወይም ሊያልቅ ከተቃረበ ጭራሽ አይጀምርም። የአዲስ አበባ መንገድ መጨናነቅ ተጨምሮበት ይህ ቀናት ሊወስድ ይችላል።

ስለዚህ «ኮድ የለውም» ብሎ መናገር ወጪ የለውም። «ኮድ የለውም፣ ፈተናዎቹም ሁሉ ተጠናቀዋል» ማለት ግን የታመመ ሞተር ላላት መኪና አስቸጋሪ ነው፤ ፈተናዎቹ እየተጠናቀቁ ሲሄዱ የተደበቀው ብልሽት አብሮ ይያዛል፤ መብራቷም ትመለሳለች።

ፍትሐዊ ለመሆን ያህል፣ አንድ ያልተጠናቀቀ ፈተና መታየቱ ሻጩን አጭበርባሪ አያሰኘውም። በብዙ መኪኖች ላይ ባትሪ ሲነቀል ወይም ሲቀየር ተመሳሳይ ነገር ይከሰታል። የአሜሪካ የጭስ ምርመራ ደንብ ራሱ እ.ኤ.አ. ከ2001 ወዲህ ለተሠሩ የቤንዚን መኪኖች አንድ ያልተጠናቀቀ ፈተናን፣ ከ1996 እስከ 2000 ለተሠሩት ደግሞ ሁለትን ያልፋል። ይህን መለኪያ እዚህም መዋስ አይከፋም። አንድ ሲሆን ይታለፍ፤ ሁሉም ባዶ ሲሆኑ ግን ወይ ማብራሪያ ይጠየቃል ወይ ቀጠሮ ይተላለፋል።

ሌሎች ዱካዎችም አሉ። ብዙ መኪኖች ኮድ ከተሰረዘ በኋላ ስንት ኪሎ ሜትር እንደተነዳ ይመዘግባሉ። ሻጩ «ለዓመት ምንም ችግር አላሳየችኝም» እያለ ስክሪኑ 6 ኪሎ ሜትር ካለ ጨዋታው ያበቃል። ከተሰረዘ ወዲህ ሞተሩ ስንት ጊዜ ቀዝቅዞ እንደሞቀ የሚቆጥር መዝገብም አለ። አሮጌዎቹ ላይ እነዚህ ላይገኙ ይችላሉ። ለአሜሪካ ገበያ እ.ኤ.አ. ከ2010 ሞዴል ወዲህ በተሠሩ መኪኖች ላይ ደግሞ «ቋሚ ኮድ» የሚባል አለ፤ ይህን ስካነር ሊሰርዘው አይችልም፤ ብልሽቱ መወገዱን ኮምፒውተሩ ራሱ ሲያረጋግጥ ብቻ ይጠፋል።

በሙከራ ጉዞ ጊዜ «ፔንዲንግ» የሚባለውን ክፍል ማየትም ይጠቅማል። አብዛኛው ብልሽት መብራቷን የሚያበራው በሁለት ተከታታይ ጉዞዎች ሲደጋገም ነው፤ በመጀመሪያው ጉዞ የሚገባው እዚህ ነው። ትናንት ማታ የተሰረዘ በሽታ ዛሬ ጠዋት መጀመሪያ ብቅ የሚለውም በዚሁ በር ነው።

ስካነር የማያስፈልገው ፍተሻም አለ፤ ብዙ ሰው ይዘለዋል። ቁልፉ ሲከፈት፣ ሞተሩ ከመነሳቱ በፊት፣ የሞተር መብራቷ መብራት አለባት። ካልበራች አምፖሏ ወጥታለች ወይም አንድ ሰው ሸፍኗታል ማለት ነው። እየነዱ ሳለ ብልጭ ድርግም ካለች ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው። ቃጠሎው ክፉኛ ተሰናክሎ ያልተቃጠለ ቤንዚን የጭስ ማጣሪያውን እየጎዳ ነው፤ ዝም ብሎ መንዳት ወጪን ያበዛል።

ሞተሩ ቀዝቃዛ ሆኖ መታየቱም ከድርድር ነጥቦች አንዱ ሊሆን ይገባል። ሌሊቱን የቆመች መኪና ላይ የማቀዝቀዣው ውኃና የሚገባው አየር ሙቀት ስካነሩ ላይ ተቀራራቢ ነው። ገዢው ሲደርስ አየሩ 18 ዲግሪ ሆኖ ውኃው 70 ከሆነ አንድ ሰው ቀድሞ አስነስቷታል። ምናልባት በቅንነት ነው፤ ምናልባትም ጠዋት ስትነሳ የምታሰማውን ድምፅና የምታወጣውን ጭስ ገዢ እንዳይሰማና እንዳያይ ነው።

ለደላሎች የሚጠቅም ሌላም ነገር አለ። ብዙ ስካነሮች ኮምፒውተሩ ውስጥ የተጻፈውን ባለ 17 ምልክት የመኪናውን መለያ ቁጥር ያነባሉ። ይህን ከሊብሬውና ከሻንሲው ቁጥር ጋር ማስተያየት አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ልዩነት ከተገኘ ኮምፒውተሩ ከሌላ መኪና የመጣ ነው፤ ለምን እንደተቀየረ መጠየቅ የገዢው መብት ነው። ለጃፓን አገር ውስጥ ገበያ የተሠሩት ግን ባለ 17ቱን ቁጥር ሳይሆን አጠር ያለ የሻንሲ ቁጥር ስለሚይዙ በእነርሱ ላይ ይህ ዘዴ አይሠራም።

የመጥፎ መኪና ሒሳብ

ኢኮኖሚስቱ ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ያሳተመው ጥናት መነሻ ይኸው ያገለገለ መኪና ገበያ ነበር። ጽሑፉን ሦስት መጽሔቶች አንቀበልም ብለው መልሰውለት ነበር፤ በ2001 ግን ከማይክል ስፔንስና ከጆሴፍ ስቲግሊትዝ ጋር የኖቤል ሽልማት አስገኘለት። ነጥቡ ለመርካቶ ነጋዴ አዲስ አይደለም። እንበልና ጥሩዋ መኪና 1.4 ሚሊዮን ብር፣ መጥፎዋ 1 ሚሊዮን ብር ብታወጣና ገዢው መለየት ባይችል፣ ቁጥራቸውም እኩል በእኩል ቢሆን፣ የሚያቀርበው ዋጋ መሀሉን፣ 1.2 ሚሊዮን ይሆናል። ጥሩዋን የያዘ ሰው በዚህ ዋጋ አልሸጥም ብሎ ያስቀምጣታል። ገበያው ላይ የሚቀሩት መጥፎዎቹ ይሆናሉ፤ ገዢውም ይህን ሲረዳ ዋጋውን ወደ 1 ሚሊዮን ያወርዳል። የተጎዳው ገዢው ብቻ አይደለም፤ ደህና መኪና ኖሮት ማስረዳት ያቃተው ሻጭም ነው።

ስካነሩ ይህን ክፍተት ሊያጠብ ይችላል፤ ግን ሁለቱም ወገን የትኛውን ገጽ እንደሚያነብ ካወቀ ብቻ ነው። «ኮድ የለም» የሚለውን ገጽ ጥሩውም መጥፎውም በእኩል ወጪ ያሳየዋል፤ ስለዚህ ማንንም ከማንም አይለይም። ስፔንስ ስለ ምልክት የጻፈው ይህንኑ የሚመለከት ነው፤ ምልክት የሚሠራው ለመጥፎው ማስመሰል ሲከብደው ነው። የተጠናቀቁት ፈተናዎችና ከስረዛ ወዲህ ያለው ኪሎ ሜትር እንዲህ ያለ ምልክት ናቸው። ደህና መኪና ያለው ሻጭ ስለዚህ ስካነር ሲመጣ ሊከፋው አይገባም፤ እንዲያውም የፈተናውን ገጽ ቀድሞ ፎቶ አንስቶ ከዋጋው ጋር ቢያቀርብ ለራሱ ነው።

በተግባር ግን የሚታየው ግርግር ሌላ ነው። ምርመራውን ማን ይክፈል? ስካነሩ የማን ይሁን? ሻጩ «የራሴ ጋራዥ ይየው» ይላል፤ ገዢው ሰውዬውን አያምነውም። ገዢው የራሱን ሲያመጣ መካኒኩ ጥፋት ባገኘ ቁጥር ጥገናውን የሚሠራው እርሱ ስለሚሆን የእርሱም ቃል ከጥቅም የጸዳ አይደለም። ደላላው ድርሻውን የሚያገኘው ሽያጩ ሲፈጸም ነውና ረጅም ምርመራ አይወድም። በዚህ መሀል ለማንም ሳይወግን አንብቦ ውጤቱን ብቻ የሚሰጥ፣ ጥገና የማይሠራ፣ ከሽያጩም ኮሚሽን የማይወስድ መርማሪ ቦታ አለው። ዘርፉን ለሚፈልግ ባለሀብት የሚያስፈልገው መነሻ ካፒታል ከአንድ ሙሉ ጋራዥ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ትንሽ ነው።

ዕቃው ራሱስ?

ስካነር ሲባል አንድ ዓይነት አይደለም። ዝቅተኛው ከስልክ ጋር በብሉቱዝ የሚገናኘው ትንሹ መሰኪያ ነው። ብዙዎቹ «ኢኤልኤም 327» የሚል ጽሑፍ አላቸው፤ ይህ ኤልም ኤሌክትሮኒክስ የተባለ የካናዳ ኩባንያ የሠራው ቺፕ ስም ነው። የመጀመሪያው ቺፕ ከመገልበጥ ስላልተጠበቀ ግልባጩ ዓለምን አጥለቀለቀ፤ ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2022 ሥራውን አቁሟል። ግልባጮቹ ላይ በብዛት የሚታየው «1.5» የሚለው የስሪት ቁጥር ኤልም ራሱ ፈጽሞ ያላወጣው ነው፤ ለሶማሌ ተራ ገዢ ይህች ብቻዋን ጥሩ መለያ ናት። ያም ሆኖ ርካሹ ግልባጭ ለተለመደው የቤንዚን መኪና ኮድና የፈተናውን ገጽ ማንበብ ሊችል ይችላል፤ ለግል ገዢ በቂ ሊሆን ይችላል።

መካከለኛው የራሱ ስክሪን ያለው የእጅ ስካነር ነው። ከፍተኛው እ.ኤ.አ. በ1992 ሼንዘን ውስጥ የተቋቋመው ላውንችና በ2004 እዚያው የተመሠረተው ኦቴል የሚሠሯቸው ዓይነት ታብሌቶች ናቸው። እነዚህ ከማንበብ አልፈው ትእዛዝ ይሰጣሉ፤ ፓምፕ ያስነሳሉ፣ አንዱን ኢንጀክተር ለይተው ያቆማሉ፣ የኤርባግና የኤቢኤስ ኮምፒውተር ውስጥ ይገባሉ። ጋራዥ የሚከፍት ሰው ሒሳቡ ውስጥ ማስገባት ያለበት የመሣሪያውን ዋጋ ብቻ አይደለም፤ ሶፍትዌሩ የሚታደስበትን በየጊዜው በውጭ ምንዛሪ የሚከፈል ክፍያም ጭምር ነው። ለአይሱዙና ለከባድ መኪና የሚገዛ ደግሞ መሣሪያው 24 ቮልት የሚችል መሆኑን ሳያረጋግጥ አይሰካ፤ ለ12 ቮልት ብቻ የተሠራው ሊቃጠል ይችላል።

የማያያቸው ነገሮችም ብዙ ናቸው። ቦዲው ተጋጭቶ መቀባቱን፣ ፍሪሲዮኑ ማለቁን፣ የታችኛው እግር መላላቱን፣ ዘይት የሚበላ ፋሻን፣ መብላላት የጀመረ የቴስታታ ጓርኒሲዮንን ስካነሩ አይቶ አይነግርም፤ ወይም የሚነግረው ነገሩ ከመጠን ካለፈ በኋላ ነው። የመካኒኩ ጣትና ጆሮ እዚህ ላይ ገና ተተኪ አላገኙም።

አዲሶቹ የኤሌክትሪክ መኪኖች ሲመጡ ጥያቄው ከሞተር ወደ ባትሪ ይዞራል። ፒ0301 የለም፤ ካንዴላም የለም። ገዢው ማወቅ የሚፈልገው አንድ መቶኛ ነው፤ ባትሪው አዲስ ሳለ ይይዝ ከነበረው ኃይል አሁን ስንት ቀርቶታል? ይህን ቁጥር አጠቃላዩ ስካነር አብዛኛውን ጊዜ አያወጣውም፤ የፋብሪካውን ቋንቋ የሚያውቅ ሶፍትዌር ይጠይቃል። የተባበሩት መንግሥታት የተሽከርካሪ ደንብ መድረክ እ.ኤ.አ. በ2022 ያጸደቀው ዓለም አቀፍ ደንብ ቁጥር 22 ባትሪው በ5 ዓመት ወይም በ100,000 ኪሎ ሜትር ውስጥ ከ80 በመቶ፣ በ8 ዓመት ወይም በ160,000 ኪሎ ሜትር ውስጥ ከ70 በመቶ በታች እንዳይወርድ ይላል፤ መኪናውም ቁጥሩን ለባለቤቱ እንዲያሳይ ይፈልጋል። የሚሠራው ግን ደንቡን ወደ ሕጋቸው ባስገቡ አገሮች ነው። ለሌላ ገበያ ተሠርቶ በሦስተኛ አገር በኩል አዲስ አበባ የገባ መኪና ይህን ገጽ ይዞ ይምጣ አይምጣ ገዢው ቀብድ ከመስጠቱ በፊት አስከፍቶ ማየት ይኖርበታል።